ኮሪደሩ ላይ ኔትወርክ አለ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ ማታ

ጋዜጣው ሊቆም ነው። ባለቤቱ ራሳቸው ዜና ክፍል ድረስ መጥተው ነገሩን። እኚህ ሰው ከዚህ በፊት እኛ ዘንድ ብቅ የሚሉት እንግዳ ሲያስጎበኙ ብቻ ነበር። «ጋዜጣው አይሞትም፤ ወደ ኦንላይን ይሸጋገራል» አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ወረቀት የለም፤ ዜናው ሁሉ በድረ ገጽና በስልክ ይወጣል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሁላችንም ሙከራ ላይ ነን። ለአዲሱ ሥራ የሚሆነው ይቀራል፣ የማይሆነው ይሸኛል።

ጥያቄ የጠየቁት አራሚያችን ብቻ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዋና አዘጋጁም፣ ተላላኪውም፣ ሁሉም። የጻፍነውን ሁሉ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት መስመር በመስመር እየተከተሉ የሚያነቡ ሰው ናቸው። «እዚያ ኦንላይኑ ላይ አራሚ አለ?» አሉ። ባለቤቱ ፈገግ ብለው ኮምፒውተሩ ያርማል አሏቸው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ የፍርድ ቤት ዘጋቢ ነኝ። በሥራው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። የዳኛ ቁጣና የአግዳሚ ወንበር ቅዝቃዜ ያልበገረኝን ሴት ስልክ አይበግረኝም። ለባሌ እንዲህ ብዬ ስፎክር የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ሰማኝ። ቀና ሳይል ወንድሙ የሚሠራበት ኢንሹራንስ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ እንደሚፈልግና ቦታውን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሊያቆዩልኝ እንደሚችሉ ነገረኝ። ይህን ያህል ካወቀ መቼ እንደተነጋገሩ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ኢንሹራንሱ ስንት ደንበኛ እንዳስደሰተ እየጻፍኩ ከማረጅ ችሎት በር ላይ ብወድቅ ይሻለኛል አልኩት።

«ማንም ውደቂ አላለሽም» አለኝ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

የመጨረሻው እትም ወጣ። ጋሼ ዛሬ ተሸኙ። የሙከራ ጊዜ እንኳ አልተሰጣቸውም፤ ኮምፒውተሩ ያርማላ። ደረጃው ላይ ያዝኳቸውና ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ። እሳቸው ግን አልጠፋቸውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ፣ ወደ ዜና ክፍሉ በአገጫቸው እያሳዩ። ቀጥለው የምለቀውን ዜና ከመልቀቄ በፊት በስልክ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ቤት ቁጭ ብለው ግድግዳ ከሚያርሙ እኔን ቢያርሙ ይሻላል አሉ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የድረ ገጹን አለቃ «ፈጣኑ» ብዬዋለሁ። ሲያወራ ቆሞ ነው፣ ሲበላ ቆሞ ነው። ዕድሜው ለልጅነት የሚሆነኝ ነው፤ እትዬ ይለኛል፣ እርስዎ ይለኛል፤ ጽሑፌን ግን እንደ ጎመን ይከትፈዋል። ስምንት መቶ ቃል ሰጥቼው መቶ ሃያ አደረገው። ርዕሱንም ለውጦ «ዳኛው የተናገሩት ሁሉንም አስደነገጠ» አለው።

ማን ነው የደነገጠው አልኩት። እዚያው ነበርኩ፤ የደነገጠ ሰው አላየሁም፤ ጸሐፊዋ ሳትቀር እያዛጋች ነበር። ርዕሱን እስኪመልስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። መለሰው። ቆሞ መሥራት ለካ እኔም እችላለሁ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። መቶ ሃያዋ ቃል ምንም የጎደላት ነገር አልነበረም። ይህን ለማንም አልናገርም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ስልኩ ቻርጅ ጨረሰ። ቪዲዮው ተጋድሞ ወጣ። የጠበቃው ድምፅ አለ፣ ፊቱ የለም፤ የሚታየው የኔ ጣት ነው። ፈጣኑ አየውና ስልኩን መለሰልኝ። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሰኞ ጣቴን ቤት ትቼ እመጣለሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ ማታ

ዓመት ሙሉ የተከታተልኩት አንድ ጉዳይ አለ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ጉዳይ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለውና መንገድ ዳር የቆሙ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ዐቃቤ ሕግ በቸልተኝነት ከሰሰው። እሱ ደግሞ ፍሬኑ እንደተበላሸ ለድርጅቱ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፣ ንዳ ብለው አስወጡኝ ይላል። ዛሬ በዋስ ተለቀቀ። አጭር ዜና ጽፌ፣ ለጋሼ አንብቤ፣ ለቀቅኩ።

ማታ ከዜናው ሥር የተጻፈውን ሳነብ ክው አልኩ። ግማሹ ሰው ነፃ ወጣ ብሎ እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ግማሹ ነፃ ወጣ ብሎ ዳኛውን ይራገማል። ዋስትና ማለት ጉዳዩን ከቤት ሆኖ መከታተል እንጂ ነፃ መባል እንዳልሆነ ያወቀው ስንቱ ነው? በጣት የሚቆጠር። ሃያ ዓመት ሙሉ «በዋስ ተለቀቀ» ብዬ ስጽፍ ሰው የሚያነበው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ አንባቢ ቢሳሳት በምን ይታወቃል? እዚህ ግን እየጻፈ ይነግረኛል። ተናድጄ ነበር። አሁን ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ከንዴት አይመስለኝም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ቪዲዮ። ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ዋስትና ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ተናገርኩ። የቀረጸኝ ደንበኛው የቀረበት ጠበቃ ነው፤ በየመሀሉ «ቀና በይ» ይለኛል። ሁለት ደቂቃ ከምናምን። አስቀድሜ ለጋሼ ሳነብላቸው ሦስት ቦታ «ምናምን» የሚለውን አስወጥተውብኝ ነበር፤ አሁንም ደብተሬ ላይ ተመልሶ ገባ።

ስንት ሰው እንዳየው አልተመለከትኩም። የሥራ ጥራት በቁጥር አይለካም። ስልሳ ሁለት ሺህ ነው። አሁን ስልሳ አራት።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሰባ አንድ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ ማታ

ሰበር ቀደመኝ። ሰበር የምንለው ድሮ እኛ ጋ ስፖርት ይዘግብ የነበረውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለቆ የራሱን ቻናል ከፈተ፤ ካፊያ ቢያካፋ እንኳ «ሰበር ዜና» ብሎ ነው የሚጀምረው። አሁን ችሎት መምጣት ለምዷል። የዛሬውን የማጭበርበር ፍርድ ከኔ አራት ደቂቃ ቀድሞ ለቀቀው። የተከሳሹን ዕድሜ ተሳስቷል፣ የክሱን ብዛት ተሳስቷል፣ ሰው ግን ያነበበው የሱን ነው። ፈጣኑ ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ስህተትን ሮጦ የሚቀድመው የለም አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

ችግሩ የሕንፃው ነው። ችሎቱ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ለመላክ ኮሪደር ላይ፣ መስኮቱ ጋ መውጣት ግድ ነው። ፈጣኑ መላ አመጣ፦ ፍርድ ሲሰጥ ሁለት ዜና አስቀድሜ ጽፌ ስልኬ ላይ ላስቀምጥ፤ አንዱ ጥፋተኛ የሚል፣ አንዱ ነፃ የሚል። የዳኛውን ቃል ከሰማሁ በኋላ የሚሆነውን መርጬ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። ዜናው አንዴ ከተለቀቀ በአንባቢዎቻችን ስልክ ሁሉ ላይ ደወል ያሰማል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ማለት ያስፈልጋል።

ሰበር ስለቀደመኝ የተሰማኝ ነገር የለም። አራት ደቂቃ ምንድን ናት፤ ሻይ አይፈላባትም። ባሌ ለምን እራት እንዳልበላሁ ጠየቀኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

የሹፌሩ ጉዳይ። መካኒኩ መሰከረ። ፍሬኑ እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ለአለቃው አመልክቶ ነበር። ዐቃቤ ሕግ በመስቀለኛ ጥያቄ ወጥሮ ሲይዘው ግን፣ ሹፌሩ ያን ጠዋት ፍሬኑን ሳይፈትሽ መውጣቱን መካኒኩ አመነ። ወዴት እንደሚያደላ አይታወቅም። ለፍርድ ለሚያዝያ 14 ተቀጠረ።

ከችሎት ስወጣ የሹፌሩ ሚስት እጄን ያዘችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቷ በመርፌ የተበሳሳ ነው። አንድም ቀጠሮ ቀርታ አታውቅም። ለፍርዱ ቀን ግን አልገባም አለችኝ፤ ጆሮዋ አይችልም። ታች ግቢው ውስጥ ሆና ልትጠብቅ ነው። «ሌላ ሌላው የሚያወራውን አልሰማም። አንቺ የጻፍሽውን አነባለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ቃል በደመወዝ አይገዛም። ለኢንሹራንሱ ሰውዬ ይነገርልኝ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ፈጣኑ ነገረኝ፦ ባለቤቱ ስለኔ ጠይቀዋል። «ያቺ የችሎቷ ሴትዮ» ብለው። ሙከራው ሲያልቅ ከሚቀሩት መሀል ስሜ አለ፣ ግን በፍጥነት በኩል ወደ ኋላ ትቀራለች ተብሏል። እኔ ወደ ኋላ አልቀርም። ቆሜ ነው የምሰማው። ልዩነት አለው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ ማታ

ሁለቱንም ጻፍኩ። «ሹፌሩ ጥፋተኛ ተባለ።» «ሹፌሩ በነፃ ተሰናበተ።» ለጋሼ አነበብኩላቸው። በሕይወቴ ሙሉ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ያረምኩት ዜና ይሄ ብቻ ነው አሉኝ፤ ከሁለቱ አንዱ መቼም ውሸት ነውና። ነገ ትክክለኛውን ከመልቀቄ በፊት እንድደውልላቸው ቃል አስገቡኝ። ገባሁ።

ባሌ ቀሚሴን ተኩሶ ሰቅሎልኛል። ስለ ኢንሹራንሱ ሳያነሳ ያደረ የመጀመሪያው ሌሊት ይሆናል።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ፣ ቀን

ተሳሳትኩ።

ነፃ ነው። ነፃ ነው የተባለው።

ኔትወርኩ ነው። ዳኛው የጨረሱ መስሎኝ ነው። ሰው ብዙ ነበር፣ አይሰማም ነበር።

ሚያዝያ 14፣ ማታ

እንደሆነው ልጻፈው።

ዳኛው የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ አንድ በአንድ አነበቡ። ሹፌሩ ያን ጠዋት ፍሬኑን አለመፈተሹን ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታል አሉ። አለመፈተሹም ጥንቃቄ የጎደለው ተግባር ነው አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሰበር ከኋላ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። እኔም ተነሳሁ። ኮሪደሩ ላይ መስኮቱ ጋ ደርሼ ኔትወርኩ መጣ፤ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ነካሁት። ሄደ። ለጋሼ አልደወልኩም።

ከዚያ ከታች፣ ከግቢው፣ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጩኸት እንግዳ አይደለም። የሹፌሩ ሚስት መሆኗን አወቅኩ፣ አዘንኩላት፣ ምስኪን አልኩ። ምስኪን።

የችሎቱ በር ሲከፈት ሹፌሩ እየሳቀ ወጣ። ጠበቃው አቅፎታል። ዳኛው ለካ ማስረጃውን ተቀብለው፣ የፍሬኑ ብልሽት ግን በጠዋት ፍተሻ የሚታይ እንዳልነበረና ድርጅቱ እያወቀ እንዳስወጣው ቀጥለው አንብበዋል፤ በነፃም አሰናብተውታል። ሹፌሩ በደረጃው ሮጦ ወረደ፣ እኔ ከኋላው። ሚስቱ ግቢው አስፋልት ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿ ይዘዋታል፤ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው። እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ስታየው ሊሰናበታት የመጣ መሰላት፤ አይወስዱህም ብላ ልብሱን ጨምድዳ ያዘችው። ነፃ ነኝ እያላት አላመነችውም። ስልኩን ታሳየዋለች። «ተጽፏል፣ ተጽፏል» ትላለች።

ስታምነው ቀና አለችና አየችኝ።

ቢሮ ስገባ ፈጣኑ ርዕሱን ቀይሮታል። ሊንኩ ያው ነው፤ ጥፋተኛ የሚለው ጠፍቶ ነፃ የሚለው ገብቷል። አሁን የሚከፍተው ሰው ትክክለኛውን ነው የሚያየው አለኝ፤ እንደተሳሳትን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሊያጽናናኝ እየሞከረ እንደነበር ይገባኛል።

ቅድም የከፈተውስ አልኩት። እሱ ይረሳዋል አለኝ። እኔ ደግሞ የጎረቤቱን መከሰስ ረስቶ ነፃ መባሉን ያስታወሰ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩት። ጋዜጣ በነበረን ጊዜ ስንሳሳት በማግሥቱ እርማት እናወጣ ነበር አልኩት። «የት ገጽ?» አለኝ። ሁለተኛ ገጽ፣ ግርጌ። «ማን ያነበው ነበር፣ እትዬ?»

እውነቱን ነው። የማይታይ ቦታ ደብቀን ታርሟል እንል ነበር። ግን እኮ አሁን እንዲያ ማድረግ ግድ አይደለም። ይሄ ዕቃ የተሳሳተውን ዜና ለማን ለማን እንደላከው ያውቃል። ስህተቱ እየደወለ ኪሳቸው ከገባ እርማቱም እየደወለ ይግባ፤ ለእነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ድምፅ፣ ቀኑን ሙሉ ከገጹ አናት ላይ ሳይወርድ፣ ከነፊቴ። ስህተት የሠራሁበት ዕቃ ነው፣ እርማትም ይሠራበታል አልኩት።

ፈጣኑ ተቀመጠ። ተቀምጦ ሲያወራ አይቼው አላውቅም። «ይሄ ከወጣ ባለቤቱ አያቆዩዎትም። ሁለት ሳምንት ነው የቀረዎት። እባክዎ ይተዉት» አለኝ።

እርማቱን ጽፌ ኮሪደር ላይ ወጣሁና ለጋሼ ደወልኩ። «በኔትወርክ ችግርና በችሎቱ መጨናነቅ የተነሳ» ብዬ ጀመርኩ። አስቆሙኝ።

«ዳኛውን ያልሰማው ኔትወርኩ ነው እንዴ?» አሉ።

«አይደለም።»

«አውጪው።»

አወጣሁት። የቀረው ይሄ ነው፦ «ዛሬ ጠዋት ሹፌሩ ጥፋተኛ ተባለ ብዬ የለቀቅኩት ዜና ስህተት ነው። ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናብቶታል። ዳኛው አንብበው ሳይጨርሱ ከችሎት ወጥቼ ነው የለቀቅኩት። ስህተቱ የኔ ነው።» ጋሼ ሌላ ቃል አልነኩም። ለምን ወጣሽ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የጨረሱ መስሎኝ አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉና ስልኩን ዘጉት።

ካሜራው ፊት ቆሜ አነበብኩት። ፈጣኑ መልቀቂያዋን ቁልፍ አልነካም፤ ግን ወንበሩን ለቆልኝ ተነሳ። እኔ ነካኋት። በክፍሉ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ደወለ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። «ጡረታ ውጪ።» «ስንት ተከፍሎሽ ነው።» «ድሮም ጋዜጠኛ።» አንዱ ደግሞ የቀሚሴን ቀለም አልወደደውም። ቀሚሱ ምን አደረገ?

ሰበር ቪዲዮ ሠራብኝ። ሰበር ዜና ብሎ ጀመረ። እሱ ያን ጊዜ የወጣው ለሽንት እንደነበረ፣ እኔ ግን ዜና ይዞ የወጣ መስሎኝ ተከትዬው እንደሮጥኩ እየሳቀ ይናገራል። ነጭ ውሸት ነው። አልተከተልኩትም። መስኮቱ ጋ ቀድሜው ነው የደረስኩት።

እርማቱን ያየው ሰው ስህተቱን ካየው በልጧል። በእጥፍ። ይህን የጻፍኩት ቁጥር ስለምወድ አይደለም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ለሹፌሩ ሚስት ደወልኩ። የልብስ ስፌት መኪናው ከጀርባ ይሰማል፤ አላቆመችውም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አልኳት።

«እርማትሽን አይቻለሁ። ደግ አድርገሻል» አለች። «እኔ ግን ያቺን ሰዓት ማን ያርምልኛል?»

መኪናው ቀጠለ። ቻው አላለችኝም፤ ስልኩ ዝም ብሎ ተዘጋ።

ባሌን ሳትጠይቀኝ ተወኝ አልኩት። መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይሄው፣ አልቅሻለሁ፤ ተጽፎ ይቀመጥ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ባለቤቱ ፈጣኑን እርማቱን ከገጹ አውርድ ብለውታል። ድርጅቱን ያሳንሳል። ፈጣኑ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኛል ብሎ መለሰ። የድረ ገጹ አለቃ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል ረሳ። እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው የነገረኝ፤ ከዚያ ቆሞ ዳቦውን መብላት ቀጠለ። ይህን ልጅ ጎመን ከታፊ ብዬዋለሁ። ይሁን፣ ይክተፍ።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ ማታ

ባለቤቱ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ። ሥራሽን እናደንቃለን፣ ቪዲዮዎችሽ ተመልካች አላቸው፣ ልናቆይሽ እንፈልጋለን አሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ጠበቅኳቸው። መጣ፦ እርማቷ ትውረድ፣ ለወደፊቱም ስህተት ሲገኝ በጸጥታ ይስተካከል። በዚህ ከተስማማሁ ነገ እፈርማለሁ።

እምቢ አልኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ እውነት፣ ስለ ሃያ ዓመት። ከአፌ የወጣው ግን «ያቺ ሴትዮ አስፋልት ላይ በጸጥታ አልተቀመጠችም» የሚለው ብቻ ነው። የትኛዋ ሴትዮ አሉኝ። ዜናውን አላነበቡትም ማለት ነው። የጋዜጠኛ ካርዴን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሻዩን ጠጥቼዋለሁ፤ እሱን አልተውኩላቸውም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ማታውኑ የራሴን ገጽ ከፈትኩ። ዋስትና ምንድን ነው፣ ይግባኝ ምንድን ነው፣ ዛሬ ችሎት ምን ተባለ። የማውቀው ይሄንን ነው፤ መናገሪያውን ደግሞ በሦስት ወር ተምሬያለሁ፣ ማንም መልሶ አይቀበለኝም። አራሚ፦ ጋሼ። እስካሁን ተከታዮቼ መቶ አይሞሉም፤ ከነሱም ባሌ በሁለት ስልክ ገብቷል።

አሁን ሳሎን ውስጥ ወንድሙ ደውሎለት ሲያወራ ሰማሁት። የኢንሹራንሱን ነገር እየጠየቀው ነው። ባሌ «አይ፣ እሷ ሥራ ላይ ናት» አለው። ሥራ የለኝም እኮ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

የሟቾቹ ቤተሰቦች የአውቶቡስ ድርጅቱን ከሰውት ነበር። የሹፌሩ ፍርድ እስኪታወቅ ሲጠብቅ ቆይቶ ዛሬ ተጀመረ። ሹፌሩ ምስክር ነው። ጥበቃው በሩ ላይ ካርድ አምጪ አለኝ። ዓመት ዓመቱን እትዬ ደህና አደሩ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ካርድ የለኝም፣ ችሎት ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ እኔም ሕዝብ ነኝ አልኩት። ገባሁ።

ሰበር አለ። ከድሮው ቢሮዬ የመጣ አዲስ ሰው አለ፤ ስልኩን እንደ ዱላ ይዞታል። የሹፌሩ ሚስት ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ናት። ሰላም አላልኳትም፤ አላለችኝም። ሁለት ረድፍ ከኋላዋ ተቀመጥኩ።

ሹፌሩ መሰከረ። የድርጅቱ ሰው ደግሞ የመካኒኩ ማመልከቻ ደርሶኝ ነበር ብሎ አመነ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ሰበር ተነሳ፣ አዲሱም ሰውዬ ተነሳ፣ ሌሎቹም ተነሱ። በሩ እየተከፈተ ሲዘጋ፣ ሲዘጋ ሲከፈት። እግሬ ተንቀሳቀሰ። አልዋሽም፣ ተንቀሳቀሰ። አልተነሳሁም። የድርጅቱ ጠበቃ ገና መናገር አልጀመረም።

በዚህ መሀል የሹፌሩ ሚስት ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። እንደ ሌሎቹ ልትወጣ ነው ብዬ ሳስብ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ አለችና በጆሮዬ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት እንደደረሰ ነገረችኝ።

«እስኪያልቅ ትቀመጫለሽ?» አለችኝ።

«እቀመጣለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ሲያልቅ ደውዪልኝ። ሳያልቅ እንዳትደውዪ።»

ሄደች። የድርጅቱ ጠበቃ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ መጻፍ ያዝኩ።